ሰባት መሳቢያ፣ አንድ ዘንግ

ካስቴልፊዳርዶ ኮረብታ ላይ ናት፤
በየት ቢዞሯት መጨረሻዋ ዳገት።
ከአንኮና የጥርስ ሐኪም በርካሽ የገዛሁት፣
ጥርስ የለቀቀውን ቤት ምላስ የሞላሁት፣
ሰባት መሳቢያ ያለው፣ ሲስቡት ቅቤ፣
ሳጥኔን አንጠልጥዬ፣
ደረጃውን ስወጣ ወደፊት ዘንበል ብዬ፣
ሳጥኑም ዘንበል አለ፣ ጌታውን መሰለ፤
ሦስተኛው መሳቢያ ሳይጠሩት «አቤት!» አለ።
አራተኛው ወጣ። አምስተኛው ተከተለ።

የአኮርዲዮን ምላስ፣ የብረት ቅጠል ስስ፣
በድንጋዩ ላይ እንደ ገብስ ሲፈስ፣
አንዲት ሴት ብቅ ብላ ከላይ በመስኮቷ
«ዜማው ግሩም ነው» አለችኝና ገባች ከቤቷ።
ተንበርክኬ ለቀምኩ፤ ቆጥሬ ቆጥሬ ልቤ ከፋ፤
የለችም ወፍራሟ፣ የታችኛዋ «ፋ»።

ሚሬላ፣
ተለማማጄ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትቋጥር፣
ስትሞርድ የምታፏጭ፣ ስትሳሳት የምትስቅ፣
ያን ጠዋት ሳጥኑን የሞላችው እሷ ነበረች።
«ጣልሻት» አልኳት።
«አልጣልኩም» አለች።
ሌላም ነገር ጨመርኩ፤ ያንን እዚህ አልጽፈውም።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤
እዚህ ከተማ ደግሞ አፋፍ ያልሆነ ቦታ የለም።
በማግስቱ ቀረች። እኔም ዘጋኋት።

ሰው መዝጋት ቀላል ነው፣ ቁልፍም አይፈልግ፤
መሳቢያ ለመዝጋት ምኑ ቀረ ሳላደርግ!
በላስቲክ ወገቡን ጠፍሬ አሰርኩት፤
ሚያዝያን ሳይሻገር ተበጥሶ አገኘሁት።
ማግኔት ለጠፍኩበት፤ ሁለት ቀን ደስ አለኝ፤
በሦስተኛው ምላሶቹ ተቃቅፈው ጠበቁኝ፤
ብረት ብረትን ሲወድ ዳኛም አይለየው፣
በጥፍሬ ፈለቀቅኳቸው አንድ በአንድ።
ጠርዙን ሰም ቀባሁት። ሰም መቼም አላጣሁ፤
ምላስ በሰም ስተክል ነው ሽበት ያወጣሁ።
(ሰሙ ሞልቶኛል፤ ወርቁ ናስ ነው እንጂ።)
ነሐሴ ላይ ቀለጠ፣ ሲበርድ ደግሞ ጠበቀ፤
አሁን መክፈቱ ጨነቀ።

ኅዳር ላይ ፕሪሞ ዘንድ ሄድኩ፣
አናጢ ነው፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
የሬሳ ሳጥን ነበር ጥንት ሙያና ሀብቱ።
«ደንበኞቼ» አለ «ከፍተው ሲወጡ አላየሁም።»
ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።
«ሰባት በር በሰባት ዘበኛ ማስጠበቅ የሀብታም ወግ ነው፤
ላንተ አንድ ዘንግ ነው የሚበጀው።»

ወይራ ላገ። በክዳኑ ቀዳዳ አስገብቶ
በመሳቢያዎቹ ግንባር ፊት ቁልቁል ሰደደው፤
አንደኛውን አለፈ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣
አራተኛው ላይ ቆመ።
ስንዴ ታህል ወጣ ብሏል።
ገፋሁት። አልገባም።
መዶሻ ሳነሳ እጄን ያዘኝ፤
«ዘንግ አይዋሽም። ከኋላው ምን አለ?»

መሳቢያውን ነቅዬ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፤
በጨለማው ጥግ ቀዝቃዛ ነገር ዳሰስኩ።
ወፍራሟ። የታችኛዋ «ፋ»።
ስምንት ወር ሙሉ በገዛ እጄ ተሸክሜያት ስዞር!
የዘጋ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል።

የሚሬላ ቤት ከደወሉ ጀርባ ነው፣ አርባ ሁለት ደረጃ።
ዘንጉን አወረድኩ፤ «ጥፕ»።
ሳጥኑን አጋደልኩት፣ ግራ ቀኝ ነቀነቅኩት፤
አንድም አፍ አልተከፈተ።
ለእኔ አፍ ግን ፕሪሞ ዘንግ አልላገለትም፤
በየደረጃው ይከፈታል፣ ምንም ሳይል ይገጠማል።

በሩን ስትከፍት እርሳሱ አሁንም ፀጉሯ ውስጥ ነው።
ዘንጉን መዘዝኩ፣ አራተኛውን ሳብኩ፣
መዳፏ ላይ አኖርኩላት።
አላየችኝም። በእጅጌዋ ጠረገቻት፣
ከንፈሯ ላይ አድርጋ እፍ አለችባት፤
ያ ጎርናና ድምፅ ደረጃውን ይዞ ቁልቁል ወረደ፣
የተኛ ድመት ቀና አለ።

«ትንሽ ወርዳለች» አለች፤ «ጫፏን መሞረድ ነው።»
በሩን እንደ ከፈተችው ትታ
ሞረድ ፍለጋ ገባች።